የሄሊኮፕተር አደጋዎችና የሜካኒካል ብልሽት መንስኤዎቻቸው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2016 አስራ አንድ መንገደኞችንና ሁለት አብራሪዎችን የያዘች አንዲት ሄሊኮፕተር በሰሜን ባህር ከሚገኘው ጉልፋክስ ቢ የነዳጅ ማውጫ ተነስታ ወደ ኖርዌይዋ የወደብ ከተማ ቤርገን በማምራት ላይ ነበረች። በ2,000 ጫማ ከፍታ ላይ ያለምንም የችግር ምልክት ስትበር የቆየችው ይህች ኢ.ሲ. 225 ሄሊኮፕተር ቱሮይ ከተባለች ደሴት አቅራቢያ ስትደርስ በአናቷ ላይ የሚሽከረከረው ክንፍ በሙሉ ከአካሏ ተነጠለ። አካሏ በአንዲት ትንሽ ዓለታማ ደሴት ላይ ወድቆ ተከሰከሰ፤ ክንፉ ደግሞ ብቻውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በሌላ ደሴት ላይ አረፈ። ከአስራ ሦስቱ ተሳፋሪዎች በሕይወት የተረፈ አልነበረም።

የኖርዌይ የአደጋ ምርመራ ቦርድ ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀውን ምርመራ አጠናቆ በጁላይ 2018 ይፋ ባደረገው ሪፖርት አብራሪዎቹ አደጋውን ሊከላከሉበት የሚችሉበት መንገድ እንዳልነበረ አረጋግጧል። መንስኤው በሄሊኮፕተሯ የኃይል ማስተላለፊያ ውስጥ ከሚገኙ ስምንት ተመሳሳይ ባለጥርስ መዘውሮች በአንዱ ላይ ቀስ በቀስ ያደገ ስንጥቅ ነበር። የምርመራውን ውጤት ይበልጥ ከባድ ያደረገው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ በሰሜን ባህር ላይ አንዲት የቅርብ ዘመዷ ሄሊኮፕተር በተመሳሳይ ክፍል መሰበር ምክንያት ወድቃ አስራ ስድስት ሰዎች ሞተው ነበር።

ሁለቱ አደጋዎች የሄሊኮፕተር ሜካኒካል ብልሽት ምን ዓይነት ባህርይ እንዳለው፣ ምልክቱስ እንዴት ታይቶ እንደሚታለፍ በግልጽ የሚያሳዩ በመሆናቸው በቅድሚያ የሄሊኮፕተሩን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል።

አውሮፕላን ክንፉ የማይንቀሳቀስ ሲሆን ወደ ፊት በሚያደርገው ግስጋሴ ከአየሩ የሚያገኘው ግፊት ያነሳዋል። ሄሊኮፕተር ግን ክንፉን ራሱን በማሽከርከር ይነሳል። በትላልቅ ሄሊኮፕተሮች ላይ የሚገጠሙት ተርባይን ሞተሮች በደቂቃ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞሩ ሲሆን የአናቱ ክንፍ ደግሞ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በታች ነው መዞር ያለበት። ይህን ፍጥነት ቀንሶ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ክፍል በጋራዥ ቋንቋ ካምቢዮ ልንለው እንችላለን። በካምቢዮው ውስጥ በተለምዶ ጊር የሚባሉት ባለጥርስ መዘውሮች በደረጃ የተደረደሩ ሲሆን በመጨረሻው ደረጃ ላይ ትንንሾቹ በመካከላቸው ያለውን አንድ ጊር ከብበው ይዞራሉ። ፀሐይን የሚዞሩትን ስለሚመስሉ በሙያው ዘርፍ ፕላኔት ጊሮች ተብለው ይጠራሉ። በቱሮይ የተሰበረው ከነዚህ አንዱ ነው።

የአናቱ ክንፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር የሄሊኮፕተሩ አካል ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ለመዞር ይገፋል። ይህን የሚገታው በጭራው ጫፍ ላይ ያለው ትንሹ ተሽከርካሪ ክንፍ ነው። አብራሪው በእግሩ የሚረግጣቸው ፔዳሎች የዚህን ክንፍ ጉልበት እየጨመሩና እየቀነሱ አፍንጫው የሚያመለክትበትን አቅጣጫ ይወስናሉ።

ብዙ ሰዎች ሞተሩ የጠፋ ሄሊኮፕተር ወዲያውኑ እንደሚወድቅ ያምናሉ። እውነታው እንዲህ አይደለም። ሞተሩ ኃይል መስጠት ሲያቆም ከክንፉ ጋር የሚያገናኘው መፍቻ ክንፉን ነፃ ይለቀዋል። አብራሪው ሄሊኮፕተሩን በፍጥነት ወደ ታች እንዲወርድ ካደረገ ከታች የሚመጣው አየር ክንፉን ማሽከርከሩን ይቀጥላል፤ መሬት ሊደርስ ሲል በክንፉ ላይ የተጠራቀመውን ጉልበት ተጠቅሞ ፍጥነቱን በመግታት ሊያርፍ ይችላል። ማንኛውም የሄሊኮፕተር አብራሪ ይህን ዘዴ ይማራል። በቂ ከፍታ፣ ምቹ ማረፊያና ፈጣን ውሳኔ ካለ ሞተር መጥፋቱ ብቻውን የሞት ምክንያት አይሆንም። በትላልቆቹ ላይ ደግሞ ሞተሮቹ ሁለት ናቸው።

ካምቢዮው ግን አንድ ነው። የክንፉ ዘንግም እንዲሁ። ክንፉን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል፣ የክንፉን አቋም የሚቆጣጠሩት ዘንጎችና የጭራው ክንፍ ኩሽኔታም ምትክ የላቸውም። ከነዚህ አንዱ በበረራ ላይ ቢሰበር የአብራሪው ችሎታ ምንም ያህል የላቀ ቢሆን የሚፈይደው ጥቂት ነው። የሄሊኮፕተር ደህንነት በአብዛኛው በመሬት ላይ፣ በንድፍ ጠረጴዛና በጥገና ሥፍራ ይወሰናል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ጠንካራ ብረት ለምን ይሰበራል? ቀጭን ሽቦን በእጁ ደጋግሞ ያጠፈና የዘረጋ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሲታጠፍ የማይሰበረው ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ በድንገት ይበጠሳል። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው። በካምቢዮ ውስጥ ያለ ጊር በእያንዳንዱ ዙር ሸክም ይጫንበታል፣ ሸክሙም ይነሳለታል። በአንድ የበረራ ሰዓት ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። በገጹ ላይ በዓይን የማይታይ ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ ስንጥቁ ከዚያ ተነስቶ ወደ ውስጥ ያድጋል። በመጨረሻም የቀረው ብረት ሸክሙን መሸከም ሲያቅተው በቅጽበት ይበጠሳል። አደገኛነቱ ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅም ሆነ ንዝረት ሳይሰጥ ማደጉ ላይ ነው።

ወደ መጀመሪያው አደጋ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2009 ኤ.ኤስ. 332 ኤል 2 የተባለች ሱፐር ፑማ ሄሊኮፕተር ሚለር ከተባለው የነዳጅ መድረክ ሠራተኞችን አሳፍራ ወደ ስኮትላንድ ከተማ አበርዲን በመመለስ ላይ ሳለች ከፒተርሄድ ወደብ በስተሰሜን ምሥራቅ ባህር ላይ ወደቀች። የብሪታንያ የአየር አደጋዎች ምርመራ ቅርንጫፍ በ2011 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት በካምቢዮው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ አንድ ፕላኔት ጊር በብረት ድካም መሰበሩን፣ ይህም ካምቢዮውን አፈራርሶ የአናቱን ክንፍ ከአካሉ እንደለየው አረጋግጧል።

በሪፖርቱ ውስጥ ትኩረት የሚስበው ግን ከአደጋው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሆነው ነው። በካምቢዮ ዘይት ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ካለ የሚይዝ ማግኔት ይገጠማል። የጥገና ባለሙያዎች በማርች 25 ቀን፣ ማለትም ሄሊኮፕተሯ ከመውደቋ 34 የበረራ ሰዓታት በፊት፣ በዚህ ማግኔት ላይ አንዲት የብረት ቅንጣት አግኝተው ነበር። ቅንጣቷ ከየትኛው ክፍል እንደመጣች ለማወቅ በጥገና ባለሙያዎቹና በአምራቹ መካከል በስልክና በኢሜይል መልዕክት ተለዋወጡ። አንዱ ወገን የሚናገረውና ሌላው ወገን የሚረዳው አልተገናኘም። ቅንጣቷም አሳሳቢ እንዳልሆነች ተቆጥራ ካምቢዮው ሳይከፈት ሄሊኮፕተሯ ወደ በረራ ተመለሰች። ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ ቅንጣቷ ከተሰበረው ጊር ሳትነጠል እንዳልቀረች ታውቋል።

ሁለተኛም አለ። በዚያ ካምቢዮ ውስጥ ፍርፋሪ ወደ ዋናው ክፍል ወርዶ ጉዳት እንዳያደርስ ተብሎ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ማግኔቶች ተገጥመው ነበር። ማግኔቶቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ፤ ፍርፋሪውን ያዙ። ነገር ግን ፍርፋሪው ማስጠንቀቂያ ወደሚሰጠው መሣሪያ እንዳይደርስም አደረጉ። ለጥበቃ የተቀመጠው መሣሪያ ማስጠንቀቂያውን እንደዋጠው ከታወቀ በኋላ ማግኔቶቹ ከተመሳሳይ ሄሊኮፕተሮች እንዲነሱ ተደርጓል።

የምርመራ ቅርንጫፉ አስራ ሰባት የደህንነት ምክረ ሃሳቦችን አቀረበ። የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች እንዲሻሻሉ፣ የጥገና መመሪያዎች ግልጽ እንዲሆኑ፣ የጊሩ ንድፍም እንደገና እንዲፈተሽ ጠየቀ። ብዙ ነገሮች ተስተካክለዋል። ይሁንና የጊሩ ንድፍ በመሠረቱ አልተለወጠም። ኢ.ሲ. 225 በ2016 ስትወድቅ የሰውን ስህተት የሚያመለክት የጥገና ግድፈት አልተገኘም፤ ማግኔቶቹም ቀድሞ ተነስተው ነበር። ስንጥቁ ከኩሽኔታው ገጽ ላይ ከተፈጠረ ጥቃቅን ጉድጓድ ተነስቶ ከገጹ ሥር ሲያድግ የለቀቀው ፍርፋሪ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። የንዝረት መከታተያው መሣሪያም ምንም አልመዘገበም። ምርመራ ቦርዱ ከ2009 በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች ሁለተኛውን አደጋ ለመከላከል በቂ እንዳልነበሩ ገልጾ አስራ ሁለት ተጨማሪ ምክረ ሃሳቦችን ሰጥቷል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁለቱ አደጋዎች ለአስተዳደር ሥራ ቅርብ የሆነው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የምህንድስና ዕውቀት ወሰን ጉዳይ ነበር። በመጀመሪያው ግን ምልክቱ በሰው እጅ ገብቶ፣ በወረቀት ላይ ተመዝግቦ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ትርጉሙ ጠፋ።

ከዚህ አደጋ ሃያ ቀናት ቀደም ብሎ በአትላንቲክ ማዶ የደረሰው ሌላ አደጋም ተመሳሳይ ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2009 አስራ ስምንት ሰዎችን የያዘች ኤስ-92 ሄሊኮፕተር ከካናዳዋ ሴንት ጆንስ ከተማ ወደ ባህር ነዳጅ ማውጫዎች ስትበር የካምቢዮዋ ዘይት በድንገት ፈሰሰ። የዘይት ማጣሪያውን ከካምቢዮው ጋር ከሚይዙት ሦስት የቲታኒየም ብሎኖች ሁለቱ ተሰብረው ነበር። አብራሪዎቹ ፊታቸውን ወደ የብስ አዙረው በረራቸውን ቀጠሉ። ሄሊኮፕተሯ ያለ ዘይት ለሰላሳ ደቂቃ ልትበር ትችላለች የሚል ግንዛቤ በስፋት ነበር። ዘይቱ ባለቀ በ11 ደቂቃ ገደማ ግን ለጭራው ክንፍ ኃይል የሚሰጡት ጥርሶች ተልጠው ሄሊኮፕተሯ ከባህሩ ጋር ተላተመች። አስራ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር።

ተመሳሳይ የብሎን መሰበር ከስምንት ወር በፊት፣ በጁላይ 2008፣ በአውስትራሊያ አጋጥሞ አብራሪዎቹ በሰላም ማሳረፍ ችለው ነበር። አምራቹም በጃንዋሪ 2009 የቲታኒየም ብሎኖቹ በብረት ብሎኖች እንዲተኩ ማስታወቂያ ልኳል። ማስታወቂያው ለለውጡ የሰጠው ጊዜ ግን 1,250 የበረራ ሰዓት ወይም አንድ ዓመት ነበር። የካናዳዋ ሄሊኮፕተር የወደቀችው ማስታወቂያው በወጣ ስድስት ሳምንት ግድም ውስጥ ነው። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ብሎኖቹ ሳይቀየሩ አንድም በረራ እንዳይደረግ አዘዘ። የብሎኑ ችግር በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር፤ የተለወጠው የተሰጠው ጊዜ ነው።

የካምቢዮ ብልሽት ሁልጊዜ ሕይወት አያጠፋም። በ2012 ሁለት ኢ.ሲ. 225 ሄሊኮፕተሮች፣ አንዷ በግንቦት ሌላዋ በጥቅምት ወር፣ የዘይት ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ተሰንጥቆባቸው በሰሜን ባህር ላይ ለማረፍ ተገደዋል። በአንዷ አስራ አራት፣ በሌላዋ አስራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ተርፈዋል። ማስጠንቀቂያው በጊዜ ሲመጣ፣ ባህሩም ሲረጋ ውጤቱ ይህን ያህል ይለያያል።

የጭራ ክንፍ ብልሽት በብዙዎች የሚታወሰው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2018 በእንግሊዝ በደረሰው አደጋ ነው። የሌስተር ሲቲ እግር ኳስ ክለብ ባለቤት የነበሩት ታይላንዳዊው ባለሀብት ቪቻይ ስሪቫድሃናፕራብሃ ከጨዋታ በኋላ ከስታዲየሙ መሃል የተነሳችው ኤ.ደብሊው. 169 ሄሊኮፕተራቸው ከስታዲየሙ ውጭ ወድቃ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ሕይወታቸው አልፏል። በ2023 የወጣው ሪፖርት እንደሚያስረዳው የጭራው ክንፍ መቆጣጠሪያ ኩሽኔታ ተበላሽቶ በመጣበቁ የመቆጣጠሪያው ዘንግ ከክንፉ ጋር አብሮ መዞር ጀመረ፤ በዘንጉ ጫፍ ያለው ዳዶም ተፈታ። ከዚያ በኋላ አብራሪው ፔዳሉን ቢረግጥም ከጭራው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ሄሊኮፕተሯ በራሷ ዙሪያ እየተሽከረከረች ወደቀች። የሄሊኮፕተሯ አምራች በበረራ ሙከራ ያገኘውን የሸክም መረጃ ለኩሽኔታው አምራች እንዳልሰጠና ይህን የሚያስገድድ ደንብም እንዳልነበረ መርማሪዎቹ ገልጸዋል።

ከሁሉም በላይ የሞቱትን ያበዛው የሲቪል ሄሊኮፕተር አደጋ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1986 በሼትላንድ ደሴቶች ሰምበርግ አቅራቢያ የደረሰው ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሷል። ሁለት ተሽከርካሪ ክንፎች ያሏት ቺኑክ የፊተኛው ካምቢዮዋ ጊር በመሰበሩ ክንፎቹ ቅንጅታቸውን ስተው እርስ በርስ ተጋጩ። ከ47 ሰዎች 45ቱ ሞተዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የሄሊኮፕተር አደጋ ሁሉ ከሜካኒካል ብልሽት ይመነጫል ማለት አይደለም። የሱዳን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ጋራንግ ሐምሌ 1997 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2005) የሞቱባት የኡጋንዳ ፕሬዚዳንታዊ ሄሊኮፕተር በመጥፎ አየርና በተራራማ ሥፍራ ነው የወደቀችው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት በጃንዋሪ 2020 ከስምንት ሰዎች ጋር የሞተበት አደጋ መንስኤ አብራሪው በደመና ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ መሳቱ መሆኑ ታውቋል። በኖቬምበር 2013 በግላስጎው ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ ወድቃ አስር ሰዎችን የገደለችው የፖሊስ ሄሊኮፕተር ደግሞ ሁለቱም ሞተሮቿ የጠፉት በዋናው ታንኳ ውስጥ ነዳጅ እያለ ነው። ነዳጁን ወደ ሞተሮቹ መመገቢያ ታንኮች የሚያስተላልፉት ፓምፖች አልበሩም ነበር። በመሆኑም አንድ ሄሊኮፕተር ወድቃ መንስኤው ከመታወቁ በፊት «የቴክኒክ ችግር» ብሎ መግለጫ መስጠት ወይም በአብራሪው ላይ ማመካኘት ሁለቱም ያስቸኩላሉ።

በአገራችን ሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ በማይደርስበት ቦታ የሚፈለግ መሣሪያ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም የኦሞ ወንዝ ሞልቶ መንደሮችን ሲያጥለቀልቅ በውሃ የተከበቡ ዜጎችን ለማውጣት ሄሊኮፕተሮች ተሰማርተዋል፤ በ2012 ዓ.ም የበረሃ አንበጣ መንጋን ለመቃኘትም አገልግለዋል። የደጋው አየር ግን ስስ ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ክንፉ የሚይዘው አየር ያነሰ፣ ሞተሩ የሚሰጠው ኃይልም የቀነሰ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። በባህር ጠረፍ ላይ ያለ ችግር የሚነሳ ጭነት በደጋ ላይ ሞተሩንም ካምቢዮውንም ወደ አቅማቸው ጫፍ ይወስዳል። በቆላው ያለው አቧራ በበኩሉ የተርባይኑን ምላጮች እየበላ ኃይሉን ይቀንሳል። ስለዚህ የጭነት ልክና የጥገና ጊዜ ከአምራቹ መመሪያ ላይ እንዳለ የሚገለበጥ ሳይሆን ለሚበረርበት ቦታ ተሰልቶ የሚወሰን ነው።

የሲቪል አቪዬሽን አደጋዎች ምርመራ የሚመራው በ1944 በቺካጎ በተፈረመው ስምምነት 13ኛ አባሪ ነው። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ፈራሚ አገሮች አንዷ ስትሆን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም በቢሾፍቱ አቅራቢያ በበረራ ቁጥር 302 ላይ የደረሰው አደጋ የተመረመረውም በዚሁ ሥርዓት ነው። አባሪው የምርመራው ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት እንዳልሆነ ይደነግጋል። ምክረ ሃሳብ የቀረበለት አገርም የወሰደውን ወይም ሊወስድ ያሰበውን እርምጃ፣ የማይወስድ ከሆነም ምክንያቱን በ90 ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ዝም ማለት በአባሪው ውስጥ እንደ መልስ አልተቆጠረም።

ከቱሮይ አደጋ በኋላ የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ኢ.ሲ. 225 እና ኤ.ኤስ. 332 ኤል 2 ሄሊኮፕተሮችን በጁን 2016 ከበረራ አግዶ፣ ከፍተኛ ሸክም ይደርስበት የነበረው የፕላኔት ጊር ዓይነት እንዲወገድ፣ የቀረውም የአገልግሎት ዘመኑ እንዲያጥር ካደረገ በኋላ በኦክቶበር ወር እገዳውን አንስቷል። ኖርዌይና ብሪታንያ የራሳቸውን እገዳ ያነሱት በጁላይ 2017 ነው። ይሁን እንጂ የኖርዌይ ነዳጅ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ለማመላለስ እነዚህን ሄሊኮፕተሮች ዳግም ወደ ሥራ አላስገቡም።